ቀሚሱ የጠፋ ብርሃን

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ሱቅ በጊዜ ከፈትኩ። እስከ ረፋድ ዝንብ እሽ ስል ነበር። ካዛንቺስ የነበረው ደንበኛዬ ግማሹ ሰፈር ቀይሯል። የቀረው በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ሽር ይላል እንጂ ገብቶ ሶኬት አይገዛም።

ከዚያ አንድ የሕንጻ ጥበቃ መጣ። ባትሪ ፈለገ። ሁለት አወጣሁለት። ደጅ ላይ፣ በፀሐይ፣ መዳፉ ላይ አበራቸው። "ይሄኛው ይበልጣል" አለ... ወደ ሰማያዊ የሚያደላውን። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት። ብርሃን ሰማያዊ ሲነካካው ዓይን ይታለልና በረታ ይላል። ቢጫ የሚለው ግን ማታ ግቢ ውስጥ ቡናማ ውሻን ከአፈሩ ይለይልሃል። ደግሞ ትንሽ ስትቆይበት ዓይንህ ቢጫነቱን ይረሳዋል፤ ነጭ ነው ብለህ ትምላለህ።

ነገርኩት። አልሰሜን ግባ በለው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የብርሃን መጠን ቁጥር አሳየኝ።

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ እጥፍ ነው የሚለው!"

ቁጥሩማ እጥፍ ነው። ዓይን ግን እጥፍ አያይም፤ ትንሽ ጨመር ያለ ነው የሚመስለው። ይሄን ለስንቱ ነገርኩ?

እጁን ይዤ ጓዳ አስገባሁት። የኔ ሱቅ ከሌላው የሚለየው በጓዳው ነው። መስኮት የለውም። የፊት ለፊቱን ግድግዳ ጎረቤቴ ቀለም ሻጯ ቢሊሴ ነጭ አስቀብታልኛለች። በሩን እዘጋና አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ። ለጸሎት ብቻ አይደለም። ከፀሐይ የገባ ዓይን ወዲያው አያይም፤ ጸሎቱ እስኪያልቅ ጨለማውን ለመድ ያደርገዋል። ከዚያ አበራለሁ።

ግድግዳው መሃል ላይ የሚወድቀውን ደማቅ ክብ እምብርት እለዋለሁ። ዙሪያውን ሳሳ ብሎ የሚዘረጋው ቀሚስ ነው። እምብርቱ ሩቁን ያሳያል፤ ቀሚሱ ደግሞ እግርህ ስር ያለውን ጉድጓድ። ቀሚስ የሌለው ባትሪ ሰው ይጥላል። እምብርቱ ከመጠን በላይ ሲደምቅም ዓይን ለሱ ብቻ ይሰግድና ቀሚሱ ቢኖርም ጨለማ ይመስለዋል። ጥሩ ባትሪ ማለት ሁለቱ የተስማሙለት ነው።

ጥበቃው ቢጫውን ይዞ ሄደ። "ዓይኔ ሚዛን ነው፤ ነገ ትመርቀኛለህ" አልኩት።

ማታ ለአምሳለ አወራሁላት። ሚስቴ ለገሃር አንድ መሥሪያ ቤት ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጉዳይ ስትሰማ ስለምትውል ጉራ አታሳልፍም። "በየደንበኛው ፊት ዓይኔ ዓይኔ አትበል። የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም" አለች። ቀጥላም፣ "ሚዛን ከሆነስ የመብራቱን ቢል ለምን እጅህን ዘርግተህ ታነበዋለህ?"

መነጽር ያስፈልገኛል። እሺ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ባምቢስ አካባቢ መነጽር ቤት ገባሁ። ልጅቷ ፊደል አስነበበችኝ። እስከ ታች ወረድኩላት። "ጋሼ፣ የሩቁ በጣም ጥሩ ነው" አለች። ብያለሁ እኮ! ለቅርቡ ብቻ ታዘዘልኝ።

ከዚያ አገጬን አንድ ማሽን ላይ አስደግፋ ዓይኔ ውስጥ አየር እፍ አስደረገችብኝ። ዘለልኩ። ሌላውንም ዓይን... እሱንም ዘለልኩ። ስልኬ በዚያው ይጮሃል፤ ዕቃ የሚያመጣልኝ ሃብተአብ ነው። ሳነሳው፣ "ጋሼ፣ ግፊትዎ ከፍ ብሏል። ሳይቆዩ ሐኪም ቢያይዎት..." ስትል ሰማሁ። እሺ እሺ ብዬ ወጣሁ።

ግፊት? እኔ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6

ሰፈር ክሊኒክ ገብቼ ተለካሁ። መቶ ሃያ በሰማንያ። ነርሷ "የጎረምሳ ነው" አለችኝ። መነጽር ሻጭ ሐኪም ልሁን ሲል እንዲህ ነው! ለማንኛውም አምሳለ ግፊት የሚለውን ቃል ሰምታለች። የዛሬው ሽሮ ጨው አልነካውም።

እሑድ፣ ጥቅምት 9

ከቅዳሴ መልስ ቂርቆስ በር ላይ ገብረጻድቃን ያዘኝ፤ የዕድራችን ሰብሳቢ። "ምነው ልዑልቃል፣ ኮራህ? ሰላም ስልህ ዘግተኸኝ አለፍክ። ባለፈውም እንዲሁ አድርገኸኛል።"

"የት ጋ ሆነህ?"

"አጠገብህ! ትከሻህን ልነካህ ምንም አልቀረኝ።"

ማልኩለት። ያመነኝ አልመሰለኝም። አምሳለም፣ "እኔንም መንገድ ላይ ትዘጋኛለህ" ብላ አከለችበት። በሰው ፊት።

ሃሳብ ነው። ገበያው፣ ልጄ ሐዋሳ ብቻውን... ሰው ሃሳብ ሲይዘው ጎኑን አያይም።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የሃብተአብ ዕቃ ገባ። ሃብተአብ አበልጄ ነው፤ የልጄ የክርስትና አባት። ለገሃር መጋዘን አለው። ከወጣትነታችን ጀምሮ ባትሪ ከሱ ሌላ ከማንም ወስጄ አላውቅም። ዘንድሮም ያው የአምናው ዓይነት ነው፤ ጥቁር፣ አናተ ሰፊ፣ ገብቶ ሳያድር የሚሸጠው። አንዱን ይዤ ጓዳ ገባሁ። አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ... ዓይኔ አልለምድ አለ። አሁንም ደገምኩ። ሰሞኑን አንዱ አይበቃኝም።

አበራሁ።

ቀሚሱ የለም! እምብርቱ ቁጭ ብሏል፣ እንደ ድስት ክዳን ክብ። ከዚያ ወዲያ ድፍን ጨለማ። ሌላ አወጣሁ። ያው። ከታችኛው ካርቶን ሞከርኩ። ያው። የውስጡን ብልጭልጭ ጎድጓዳ ለውጠውታል ማለት ነው፤ ርካሽ አስገብተውበታል። ሃብተአብ ያውቃል? አውቆ ነው የጫነብኝ?

አያደርገውም። ግን ግድግዳ አይዋሽም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ቢሊሴን ጠራኋት። ጓዳ ገብታ አየች።

"ምን አለው? ያምራል።"

"ቀሚሱን ንገሪኝ።"

ቀሚስ የምለው ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ስንት ዓመት ሰምታኛለች። "ሰፊ ነው እኮ። እስከ መደርደሪያው ይሄዳል። የሻይ ኩባያዎ ራሱ ይታየኛል።"

የቱ ኩባያ? መደርደሪያው ያለበት ድቅድቅ ጨለማ ነው። ባትሪውን ወደዚያ አዞርኩት። ኩባያው አለ። እዚያ እንደሚቀመጥ ስለምታውቅ ነው እንጂ... ቀለም የሚሸጥ ሰው ነጩን ከነጭ ይለይ ይሆናል፤ ብርሃን ሌላ ነው። ይሄንኑ ነገርኳት። "እሺ ጋሽ ልዑል፣ እርስዎ ካሉማ..." ብላ ወጣች። ቢሊሴ እርስዎ ካሉማ ስትል አልተስማማችም ማለት ነው።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

ሃብተአብ ጋ ደወልኩ።

"አበልጄ፣ ባትሪው ያ አይደለም።"

"የቱ ያ?"

"የአምናው። ቀሚሱን ቆርጠውታል።"

ሳቀ። "ያው ፋብሪካ፣ ያው ሞዴል ነው። ማለቴ... ሌላ ቅሬታ ያለው ነጋዴ የለም እኮ።"

"ሌላው አያይማ!"

"በቃ እሺ፣ እያየህ ሽጠው" ብሎ ዘጋው። እያየህ ሽጠው! ሳላይ ነው እንዴ የደወልኩት?

እሑድ፣ ጥቅምት 16

አመሻሽ ላይ መብራት ሄደ። አምሳለ ከወጥ ቤት መሳቢያ ባትሪ አወጣች... የአምናው! ለሷ አንድ ሰጥቻት እንደነበር ጨርሶ ረስቼዋለሁ። ከእጇ ነጠቅኳት። ማወዳደሪያ ተገኘ አልኩ፤ ሃብተአብ አሁን ምን ሊል ነው? ሳሎኑ ግድግዳ ላይ አበራሁ።

ይሄም ቀሚስ የለውም።

ድንጋዩ ደክሞ ይሆናል። የደከመ ድንጋይ መጀመሪያ የሚበላው ቀሚሱን ነው... ይመስለኛል። አዲስ ድንጋይ አጎረስኩት። እምብርቱ ደመቀ። ዙሪያው ያው ነው።

"ግድግዳው ላይ ምን አገኘህ እንዲህ የምታፈጥበት?" አለች አምሳለ።

መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ተበላሽቷል አልኳት።

"ትናንት ሳበራው ወጥ ቤቱ በሙሉ ይታይ ነበር እኮ።"

 ባትሪ ሲያረጅ ቀሚሱ ያጥራል? እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ዛሬ ግን እንደሱ ነው ብዬ ልተኛ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19

አንዲት ሯጭ መጣች። መስቀል አደባባይ ሳይነጋ ነው የምትሮጠው፤ ግንባር ላይ የሚታሰረውን መብራት ፈለገች። "ያለኝ በጣም ያበራል፣ ግን ከክቡ ውጪ ምንም አያሳየኝም" አለች። ትክክል ናት! ቀንሰሽ አብሪው አልኳት። ብርሃኑ ሲቀንስ ዓይን ይከፈታል፣ የመንገዱ ጠርዝ ይወጣል፣ እግርሽን ታያለሽ። ጓዳ አስገብቼ ዝቅ አድርጌ አበራሁላት። "ዋው፣ እውነት!" አለች። "አሁን ሁሉም ታየኝ። ያ ወንበር፣ ገመዱ፣ መጥረጊያው..."

ለኔ ምንም አልወጣም። እምብርቱ ፈዘዘ፤ በቃ። መጥረጊያ እዚያ መኖሩን የሰማሁት ከሷ ነው።

ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ያልታየኝ እንቅልፍ ስላልጠገብኩ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 20

ካርቶኖቹን ታክሲ ላይ ጭኜ ለገሃር ወሰድኩ። ሃብተአብ መጋዘኑ በር ላይ ከሁለት ነጋዴዎች ጋር ቆሞ ነበር። ጠብቄ ለብቻው ላናግረው ይገባኝ ነበር። አልጠበቅኩም።

"አበልጅነት እንዲህ ከሆነ ይቅርብኝ" አልኩ። "አንዱን አሳይተህ ሌላውን የምትጭን ሰው መሆንህን አላውቅም ነበር።"

በነጋዴዎቹ ፊት። በሠራተኞቹ ፊት።

ፊቱ ተለወጠ። አልጮኸም። "እሺ ልዑልቃል" አለኝ፤ አበልጄ አላለኝም። ሠራተኞቹን "አውርዱለት" አላቸው። ስወጣ በሩ ጎን ከቆመ የእጅ ጋሪ ጋር ተላተምኩና ጉልበቴ ተላጠ። መተላለፊያ ላይ ጋሪ ያቆማሉ!

ልክ ነኝ። ልክ ከሆንኩ ለምን ከፋኝ?

እሑድ፣ ጥቅምት 23

አልደወለም። እሑድ እሑድ ሳይደውል ቀርቶ አያውቅም። አምሳለ ሁለቴ ጠየቀችኝ፤ ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ቢሊሴ ሱቋ በር ላይ የቀለም ባልዲ አስቀምጣለች። ገባሁበት። እስከ ቁርጭምጭሚቴ ክሬም ቀለም ሆንኩ።

"ጋሽ ልዑል! አላዩትም እንዴ?"

"መንገድ ላይ ይቀመጣል?"

"መንገድ ላይ አይደለም። ከጎን ነው... ሁሌ የማስቀምጠው እዚሁ ነው።"

ጨርቅ አምጥታ ጎንበስ ብላ ጠረገችልኝ። አልሳቀችም። ያስፈራኝ ይሄ ነው። ቢሊሴ ሰው ሲደናቀፍ እንኳ አይታ ሳትስቅ የምትቀር ሴት አይደለችም።

ጫማው አልለቀቀም። አምሳለ በነጭ ጋዝ እያሸችው ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ሃብተአብ ደወለ። ድምፁ እንደ ደረቀ ነው። "የአምናውን ናሙና አግኝቼዋለሁ። ናና ጎን ለጎን እንያቸው። ልክ ከሆንክ በነዚያው ሰዎች ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።"

ከሰዓት ሄድኩ። ምድር ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ። ከጨርቅ ጥቅል ጀርባ ነጭ ግድግዳ አለው። ሁለቱን ባትሪ ሰጠኝ፤ በግራ እጄ የአምናው፣ በቀኝ የዘንድሮው። መብራቱን አጠፋ። ጸሎቴን ደገምኩ፣ ቆየሁ፣ ደገምኩ። አበራሁ።

ሁለት እምብርት። ቀሚስ አንዱም ጋ የለም።

"ይኸው!" አልኩት። "የትኛው ጋ ነው ቀሚሱ?"

"ሁለቱም ጋ የለም ነው የምትለው?"

"ሁለቱም ጋ። የአምናውንም ቀይረኸዋል።"

አፌ ነው የተናገረው። ሆዴ ያን ጊዜ አውቋል።

"ቆይ፣ እንዳለህ ሁን" አለ። ኮቴው ከጎኔ ራቀ። "አሁን እኔ እታይሃለሁ?"

"የት ነህ?"

"ግድግዳው ጋ።"

"የትኛው ግድግዳ?"

"ያበራህበት! ከክቡ ክንድ የምታህል ራቅ ብዬ ቆሜያለሁ። እጄን እያወዛወዝኩልህ ነው፣ ልዑል... ብርሃኑ እኮ ልብሴ ላይ ነው፤ የሸሚዜን ቁልፎች መቁጠር እችላለሁ።"

ባትሪውን ወደ ድምፁ አዞርኩ። እጁ አየር ላይ ነበር። ዓይኑ እንባ አቅርሯል... ወይ ብርሃኑ ወግቶት ነው።

መብራቱን አበራ። ጥቅል ላይ ተቀመጥን።

"ዓይንህን ታይተሃል?"

"ታይቻለሁ። እስከ ታች አነበብኩ። ግፊት አለህ ነው ያሉኝ፤ ተለክቼ ደግሞ መቶ ሃያ በሰማንያ..."

"ግፊት ያለህ ማነው?"

"መነጽር ቤት። አየር ነፍተውብኝ።"

"ምንህ ላይ?"

"ዓይኔ ላይ።"

ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። "አበልጄ" አለኝ። ደስ አለኝ፣ በዚያ ሰዓት እንኳ። "ዓይን ላይ እየነፉ የደም ግፊት ይለካሉ እንዴ? የዓይን ግፊት ነው ያለችህ። እናቴን እኮ እሱ ነው ያጨለማት።"

ዓይንም የራሱ ግፊት አለው ለካ። እኔ ሦስት ሳምንት ጨው የሌለው ሽሮ ስበላ...

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

መነጽር ቤቷ ሄድኩ። ልጅቷ አወቀችኝ። "ጋሼ፣ ታዩ?" አለች። አልታየሁም አልኳት። አልተቆጣችም፤ ወረቀት ጽፋ ሰጠችኝና፣ "እባክዎ፣ በዚህ ሳምንት" አለች። ሐኪም ልሁን አለች ብዬ ስቄባት ነበር።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

ዓይን ሐኪም ጋ ሄድን። አምሳለ ፈቃድ ወሰደች። ሃብተአብ በመኪናው አደረሰን፤ ውጪ ቆሞ ጠበቀን።

ነጭ ጎድጓዳ ማሽን ውስጥ ፊቴን አስገቡ። መሃሉን እያዩ ትንሽ ብርሃን ብልጭ ባለ ቁጥር ይጫኑ ተባልኩ። ብርሃን ማየት ሥራዬ ነው አልኩ። ተጫንኩ፣ ተጫንኩ... ከዚያ ቆመ። ጠበቅኩ። ምንም የለም። "እህቴ፣ ማሽኑ ቆሟል" አልኳት።

"አልቆመም አባቴ፤ እየሠራ ነው። መሃሉን ይዩ።"

መሃሉን አየሁ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ሆኖ ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ።

ዶክተር ጦቢያ የልጄ እኩያ ብትሆን ነው። ሥዕሉን አሳየችን። መሃሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው ጥቁር። እኔ ጓዳዬ ግድግዳ ላይ ያየሁት እምብርት፣ ቁርጥ እሱ!

"ግን ጥቁር ነገር አይታየኝም እኮ፣ ዶክተር።"

"አይታይዎትም። ዓይን ያላመጣውን አእምሮ ከአካባቢው እያየ ይሞላዋል። ስለዚህ የጎደለ አይመስልም። ብዙ ሰው ሲጋጭ፣ ሲወድቅ ነው የሚመጣው።"

ገባኝ። በቀን ባዶውን በመንገዱና በግድግዳው ሞላልኝ። በጨለማ ደግሞ በጨለማ። ጓዳ ውስጥ ስገባ ነው ማታለሉ የተያዘው።

"ይመለሳል?" ያለችው አምሳለ ናት።

"የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ለማቆየት ነው የምንታገለው። ግፊቱን የሚቀንስ ጠብታ አዝልዎታለሁ፣ ማታ ማታ፤ አይቋረጥም። በዘር ይሄዳልና ልጃችሁም ይታይ።"

ፈራሁ። ማንም የማያነበው እዚህ ስለሆነ ልጻፈው፤ ፈራሁ። አምሳለ መኪናው ውስጥ እጄን ይዛ አልለቀቀችም። ሃብተአብ እስከ ቂርቆስ ድረስ ቀስ ብሎ ነዳ፤ ሌላ ጊዜ ይበራል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 4

ልጁ ጋ ደወልኩ። "አባዬ፣ እኔ ደህና ነው የማየው" አለ። እኔም እንደዚያ ነበር የምለው አልኩት። ቅዳሜ እታያለሁ ብሏል።

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ለገሃር ሄድኩ። በሰው ፊት የሰደበ በሰው ፊት ነው የሚክሰው። ሁለቱ ነጋዴዎች እንዲመጡ ሃብተአብን ሳላማክር ራሴ ደውዬላቸዋለሁ። ሠራተኞቹም ነበሩ።

"ባትሪው ምንም አልሆነም" አልኩ። "የአምናውም የዘንድሮውም አንድ ነው። የጎደለው የኔ ዓይን ነው። አበልጄን በሌለበት ነገር ስሙን አጥፍቻለሁ። ይቅር በለኝ።"

ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዞ አቀናኝ። "በቃ በቃ! አስለቀስከን እኮ፣ ሰውዬ።" አንዱ ነጋዴ፣ "ጋሼ፣ ለመሆኑ እንዴት አወቁት?" አለኝ። ነገርኩት፤ አየር የነፉብኝን፣ ጨው ያጣሁበትን ሁሉ። ሽሮው ላይ ስደርስ ሁሉም ሳቀ፤ እኔም። ሰውዬው ግን ሲወጣ መነጽር ቤቷ የት እንደሆነች ጠየቀኝ።

ካርቶኖቹን መልሰን ጫንናቸው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23

ሽሮው ጨው አግኝቷል። ጠብታውን አምሳለ ናት የምታደርግልኝ፤ ራሴ ሳደርግ ግማሹ ቅንድቤ ላይ ይቀራል። ትንሽ ያቃጥላል። ልጁ ታይቶ ደህና ነው፤ በየዓመቱ ተመለስ ብለውታል።

አንገት ማዞር እየተማርኩ ነው። በር ስወጣ ግራ፣ ቀኝ፣ ታች። ቢሊሴ ባልዲዎቿን ወደ ውስጥ አስገብታለች። ተዪው፣ እለምደዋለሁ ብላት አሻፈረኝ አለች። ቀለም ውድ ነው አለችኝ፤ ያዘነችልኝ እንዳይመስልባት።

ለገብረጻድቃንም ነገርኩት። ከጎን ስትመጣ ስሜን ጥራ፣ ኩራት አይደለም አልኩት። ለዕድሩ በሙሉ ነግሯል። ከቅዳሴ ስወጣ ከየአቅጣጫው "ልዑልቃል! ልዑልቃል!" ሙሽራ መስያለሁ።

ሱቁን ልዝጋው ይሆን ብዬ ነበር። ባትሪ ማየት የማይችል ባትሪ ሻጭ... ለአምሳለ ስነግራት፣ "እምብርቱ ይታይህ የለ?" አለች። 

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 9

ሃብተአብ አዲስ ናሙና ይዞ መጣ። ያላየሁት ዓይነት ነው፤ አጭር፣ መዳፍ ውስጥ የሚገባ። ልውሰድ አልውሰድ? ድሮ ቢሆን ማንንም ሳልጠይቅ እወስን ነበር። ጓዳ ገባን። ቢሊሴም ሳትጠራ ተከተለችን። በሩን ዘጋሁ። አቡነ ዘበሰማያትን በዝግታ ደገምን፤ ቢሊሴ ጴንጤ ብትሆንም ዝም ብላ ጠበቀችን።

አበራሁ። እምብርቱን አየሁ። ለስለስ ያለ፣ ያልተጋነነ፣ ጥሩ እምብርት ነው። ዙሪያው እንደ ለመድኩት ጨለማ። ሁለቱ ከጎኔ ሄደዋል፤ ኮቴያቸውን ሰማሁ።

"ቢሊሴ፣ የት ነሽ?"

"በግራ። መደርደሪያው ጋ። ኩባያዎን ይዣለሁ።"

"አንተስ አበልጄ?"

"በቀኝ። ቀሚሱ ላይ ቆሜያለሁ።"

"እርስ በርስ ትተያያላችሁ?"

"እንዴታ!" አለች ቢሊሴ። "ኮታቸው ላይ ወጥ ጠብ ብሎባቸዋል።"

"የት ጋ?" አለ ሃብተአብ።

"ከኪስዎ ከፍ ብሎ... እዛ ጋ። አዎ።"

ሳቁ። አንዱ ሳቅ ከግራ ግድግዳው ጥግ፣ አንዱ ከቀኝ። በድምፃቸው መሃል ያለውን ርቀት ለካሁት። ሰፊ ነው።

"ጫንልኝ" አልኩት።

ከሰዓት የጥቅምቱ ጥበቃ ጓደኛውን ይዞ መጣ። ቢጫውን ወዶታል። ጓደኛው አዲሱን አገላብጦ፣ "ጋሼ፣ ዳር ዳሩን ያሳያል?" አለኝ።

"ለኔ አያሳየኝም። የሚያዩ ሰዎች አይተው ሰፊ ነው ብለውኛል። አንተም ግባና እይ፤ ከዚያ ንገረኝ።"

ጥበቃው ገርሞት አየኝ። ጓደኛው ገብቶ ቆየና ወጣ። ያየውን አንድ በአንድ ነገረኝ። ገዛ።

ማታ ጠብታውን ስታዘጋጅ ለአምሳለ አወራሁላት። "የሰው ዓይን ጥሩ አይደለም ትይኝ አልነበር? ይኸው ከዛሬ ጀምሮ የምነግደው በሰው ዓይን ነው።"

"ቀና በል፣ አትሳቅ" አለች። ሳቅኩ። ጠብታው ስቶ ጉንጬ ላይ ወረደ፤ በአውራ ጣቷ ጠረገችልኝና ሌላ አደረገችልኝ።